ጨርቅ ካልመጣ አንዘፍንም

ለሰርግ ሊጠራን የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ምን እንደምለው ያውቃል። ስንት ሰው ይመጣል አልልም፤ መብራት አለ ወይ አልልም። ጨርቅ አምጣ ነው የምለው። ከሚዜዎቹ ቀሚስ የተረፈ አንድ ስንዝር ይበቃኛል። ያንን አይቼ ነው የልጆቹን መቀነትና የእጅጌ ሽብሽቦ የምሰፋው፤ ዘፋኞቹ ከሰርገኛው ጋር አንድ ቤት እንዲመስሉ። ጨርቅ ያልመጣለት ሰርግ ላይ ሎስ ለቃ አይዘፍንም። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሸዋጌጥ፣ የነቀምቴ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ልብስ ሰፊ። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ነው የተውኩት፤ ሕግ በማውጣት ግን ከማንም አላንስም።

ሎስ ለቃ አራት ልጆች ናቸው። ዘፋኟ ልጄ ኬኔ ናት። ኪቦርድ የሚመታው ኤባ ነው፤ አባቱ ለመዝሙር ብሎ አስተምሮት ለጭፈራ ስላዋለው እስከ ቅርብ ጊዜ አያናግረውም ነበር። የሚጨፍሩት ፌኔትና ነብዩ ናቸው። ስሙን ያወጣው ነብዩ ነው። ለቃ ያው ያገራችን ስም ነው። «ሎስ ምንድነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ምንም አይደለም ማዘር፣ ከፊት የሚገባ ነገር ነው» አለኝ።

የሚዘፍኑት በስፓኒሽ ነው፤ ከየት አመጡት ለሚል፣ ከቤቴ ነው። ኬኔ ልጅ ሆና ከስፌት መኪናዬ ሥር ቁጭ ብላ ድራማ ታይ ነበር። ወሬው ወደ አማርኛ ተገልብጧል፣ ዘፈኑ ግን እንዳለ ቀርቷል። ሰዎቹ ባማርኛ ሲጣሉ ይቆዩና በስፓኒሽ ይዘፍናሉ። ልጅቱ ዘፈኑን ሁሉ በቃሏ ያዘችው። ትርጉሙን አታውቅም፤ እኔም አላውቅም፤ በወለጋ ምድር የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ዘፋኝ በኦሮምኛም ባማርኛም ይዘፍኑ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ጊምቢ አንድ ሰርግ ላይ ኬኔ የኦሮምኛውን ስትጀምር አንዱ ጠረጴዛ አጉረመረመ፤ ያማርኛውን ስትጀምር ሌላው ጠረጴዛ ተነሳ። «ይሄ የማን ዘፈን ነው?» «እዚህ ጋ ማንን ነው የነካችው?» እየተባለ ጠርሙስ ተያዘ። ኤባ ደንግጦ ጣቱ ያገኘውን ምት ለቀቀ፤ ያንን የድራማውን። ኬኔም ዝም ብላ ገባችበት። ሰዉ የሚጣላበት ቃል አጣ። ከዚያ የሙሽራው አክስት፣ አንዲት ደልደል ያለች ሴትዮ፣ ወገቧን ይዛ ተነሳች። ሁሉም ተከተላት። ጠርሙስ ያነሳው ሰውዬ ጠርሙሱን እንደያዘ ጨፈረ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሁለተኛውን ሕግ አወጣሁ። «ከእንግዲህ በማንም ቋንቋ አይዘፈንም። የማንም ያልሆነ ማንንም አያስቀይምም» አልኳቸው።

ትክክል ነበርኩ። ሲሬ ጠራን፣ ባኮ ጠራን፣ ሻምቡ ጠራን። አንገር ጉቲን የወሎ ሰፋሪ ልጅ ሲያገባ ጀነሬተር በአህያ ጋሪ አስመጥተው አስጠበቁን። የቄስ ዘመድ ጠራን፣ የወንጌላዊ ዘመድ ጠራን፣ የባለሥልጣን ልጅ ጠራን። ፎቶአቸው ሚኒባስ ላይ ተለጥፎ አየሁ። በስልክ የለቀቁትን ጭፈራ አዲስ አበባ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ አዩት አሉ። በነዚያ ሦስት ዓመታት ጭቃ ሆነ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ፤ ቃል ከገባንበት ሰርግ ግን ቀርተን አናውቅም። ኬኔ በዚህ ነበር የምትኮራው። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ማሰብ ነበረብኝ። ሁሉም የሚወድህ ከሆነ ሁሉም ይጠራሃል፤ የማትፈልገውም ጭምር።

አምና ጥር አርጆ ላይ ሰርግ ነበር። ሚዜዎቹ የነቀምቴ ልጆች ስለሆኑ ቀሚሳቸውን እኔ ሰፋሁት፤ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የሚመስል ሳቲን። እዚህ ላይ ስለ ክሬ ልናገር። ባሌ ፈየራ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አንድ ጊዜ ከመርካቶ ርካሽ ነው ብሎ አንድ ጆንያ ቢጫ ክር አምጥቶልኝ ነበር። እሱ ሞተ፣ ክሩ አላለቀም። ስለዚህ ምንም ብሰፋ የላዩን ክር ከጨርቁ ጋር አመሳስላለሁ፣ የታችኛው ግን ሁልጊዜ ቢጫ ነው። ሰው ይስቅብኛል። «የሸዋጌጥ ቀሚስ ሲገለበጥ ጫጩት ይመስላል» ይላሉ። ይበሉ። ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ እንደኔ የሚሰፋ የለም።

ከሚዜዎቹ አንዷ ሌሊስቱ ነበረች። እናቷ ድርቤ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ባጥር ነው የምንገናኘው።

ከአርጆ ሲመለሱ ሚዜዎቹ በሚኒባስ፣ ልጆቼ ከኋላ በሌላ መኪና ነበሩ። መንገድ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስቆሟቸው። የማን ናቸው አትበሉኝ፤ ልጆቹም አልጠየቁም። ኬኔን ከነሽብሽቦዋ ሲያዩ አወቋት። «ዝፈኚልን» አሏት። ኤባ ስፒከሩን ከመኪናው ባትሪ ጋር አያያዘ፤ ሚኒባሱ መስኮቱ ተዘግቶ አጠገባቸው እንደቆመ ኬኔ አንድ ዘፈን ሙሉ ዘፈነች። አንዱ በስልኩ ቀረጻት። ሲያልቅ አጨበጨቡና «እናንተ እለፉ» አሉ፤ ሚኒባሱን ግን ከነሰዎቹ አስቀሩት።

የሚኒባሱ ሰዎች ባሥራ አንደኛው ቀን ተመለሱ። ሌሊስቱ አልተመለሰችም።

ከዚያ ወዲህ ኬኔ አንድ ነገር በጭንቅላቷ ያዘች። «ዘፈኑ ነው ያዳነን። እኛን ማንም አይነካንም» ትላለች። ድርቤ ግን ምንም አላለችንም። ቅቤዋን እንደወትሮው ባጥር ታቀብለኛለች። አንድ ቀን ብቻ፣ «ልጅሽ ስትዘፍን ልጄ ሰምታት ይሆናል» አለችኝ።

ዘንድሮ በጥር፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ሰው ሱቄ ገባ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። አቧራ እንደዚያ እየጨሰ ጫማው ንጹሕ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀ።

«አካም ቡልቴ፣ አዴ?» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለኝ።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። ምን ልስፋልህ?»

«ሰርግ አለን። ሎስ ለቃን ፈልገን ነው» አለ፤ አሁን ደግሞ ባማርኛ። ሁለቱም እኩል ነበር የሚወጣለት፤ ከየት እንደሆነ ካንደበቱ መለየት አልቻልኩም።

«የት ነው?»

«ቆላ ነው፤ ከአንገር ጉቲን አለፍ ይላል። እሑድ እኛው እንወስዳቸዋለን።»

«የሙሽራው አባት ማን ይባላሉ?»

«የወንድማችን ሰርግ ነው።»

«ሙሽሪትስ የማን ልጅ ናት?»

«እሷም የኛው ናት።»

«የጥሪ ካርድ የለውም?»

ፈገግ አለ። «የኛ ሰው ካርድ አያነብም፣ እትዬ።»

ሰርግ የሚጠራ ሰው የሙሽሪትን አባት ስም ሳይጠራ የሚወጣው እንዴት ነው? እንደውም አያቱንም ጨምሮ ይጠራልሃል።

«እሺ፣ ጨርቅ አምጣ» አልኩት።

«የምን ጨርቅ?»

«የሚዜዎቹን ቀሚስ ቁራጭ።»

«ሚዜ የላትም።»

«ሚዜ የሌላት ሙሽራ አይቼ አላውቅም። እንግዲያው ከራሷ ቀሚስ አምጣ። ያለ ጨርቅ ንጉሥም ቢጠራን አንሄድም።»

የተቆጣ ወንድ ብዙ አይቻለሁ። ይሄኛው አልተቆጣም። «ግትር ናት ብለውኝ ነበር» አለ። «እውነታቸውን ነው» አልኩት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ኪሱን መታ መታ አደረገ። «ልጅዎ ስትዘፍን ሰምቻታለሁ። ድምጿ ከኔ ጋር ነው።»

ያኔ የመሰለኝ አንድ ነገር ነው፤ ጨርቅ ከየት ያመጣል፣ በዚያው ይቀራል ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀምጦ፣ «እሑድ ጠዋት እንመጣለን» ብሎ ወጣ። ጋዜጣውን ፈታሁት። የሽንኩርት ልጣጭ ቀለም ያለው ሳቲን ነው። ከቀሚስ ጫፍ የተቀደደ፣ እጥፋቱ እንዳለ። ገለበጥኩት። ቢጫ ክር።

እጄን ከመኪናው ላይ አነሳሁ። ማዶ ካጥሩ ወዲያ ድርቤ ገዢ እየሸኘች ትስቃለች።

ኬኔን ወደ ጓዳ ጠርቼ አሳየኋት። ቶሎ ገባት። ያለቅሳል ብዬ የጠበቅሁት ፊቷ ግን በራ።

«እማ፣ በሕይወት አለች ማለት ነው!»

«ጨርቅ ነው ያየሽው፤ ሰው አይደለም።»

«ታጥቧል እኮ። አሽቺው፣ ሳሙና ይሸታል። የሞተ ሰው ልብስ ማን ያጥባል? ሙሽሪት እሷ ብትሆንስ?»

«ብትሆንስ?»

«እንግዲያማ እሄዳለሁ! አምና አጠገቧ ቆሜ ስዘፍን ጥለናት አለፍን። አሁን ደግሞ ልቅርባት?»

«ሄደሽ ምን ታደርጊላታለሽ? ትጨፍሪላታለሽ?»

«አያታለሁ። እሷም ታየኛለች። እኛን አይነኩንም፣ እማ። ቀርተንም አናውቅም።»

«ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። ቁርበቱ ላይ የምትተኚው አንቺ ነሽ።»

ጮኸችብኝ። ጮኽኩባት። በማን ወጣች፣ በኔ ነው የወጣችው። ልጆቹም ከሷ ጋር ሆኑ። አንሄድም ብንል ሰውዬው ጨርቁን እንዳወቅሁት ይገባዋል፤ ቤቴንም ያውቃል። ለማን ይነገራል? ዛሬ ለአንዱ የነገርከውን ነገ ሌላው ይሰማዋል። ሐሙስ ሙሉ ቀን መርፌ ሳላነሳ ተቀምጬ አሰብኩ። ባገራችን አንድ ሰው ብቻ ነው ዝፈን የማይባለው፤ ለቅሶ የተቀመጠ። መሣሪያ የያዘም ቢሆን ይህን ያፍራል።

ደብረ ሲና ያለው ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«ጫንያለው፣ እንደምን አለህ?»

«ሸዌ! ስንት ዘመንሽ ከደወልሽ? ማን ሞተ?»

«አንተ።»

«መቼ?»

«ነገ ጠዋት።»

«ምን ነካኝ?»

«ጨጓራ ልበል?»

«በጨጓራ አልሞትም፣ ሰው ይስቅብኛል። ልቡ ነው በይ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምንድነው ነገሩ?»

«ለኬኔ ነው። በስልክ አልነግርህም።»

«እንግዲያው ግደዪኝ። ስንት ሰው እንደመጣልኝ ብቻ ንገሪኝ።»

በወንድም ላይ ማሟረት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስልኩን ዘግቼ ጥቁር ቀሚሴን አወጣሁ።

ዓርብ፣ ጥር አሥራ ስምንት፣ የእድሩ ጥሩምባ በስሙ ተነፋ። የእድራችን ዳኛ አቶ አበጋዝ ራሳቸው ቆመው ድንኳን አስተከሉ። ጥቁር ለበስኩ፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶዬ የውሸት አልነበረም፤ የማለቅስበት ሞልቶኝ ነበር። ድንኳኑ ሰርግ ለጠራን ሰውዬ ብቻ አልነበረም የተተከለው፤ ለኬኔም ጭምር ነው። ያጎቷን ድንኳን ትታ፣ መንደር እያየ፣ ሰርግ ልትሄድ አትችልም። አጠገቤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች፤ በጆሮዬም «ይሄን አልረሳልሽም» አለችኝ። «አትርሺው፤ ብቻ በሕይወት ቆይተሽ አስታውሺው» አልኳት። ድርቤ ከማንም ቀድማ መጥታ፣ ከማንም በላይ አለቀሰችልኝ። ጨርቁ ደረቴ ውስጥ ነበር።

እሑድ፣ በሣልስቱ፣ ሰውዬው መጣ። ከሁለት ሰዎች ጋር፣ ሁለት ካርቶን ውሃ አስይዞ። ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ ገባ። ቦታ ሲፈልግ ድርቤ ጠጋ አለችለት፤ ከጎኗ ተቀመጠ። ንፍሮ በእፍኟ ሰጠችው። «ገለቶሚ፣ ሃርሜ» አላት፤ እናቴ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። እየቆረጠመ ወደኔ ዞረ።

«ዋቀዮ ያጽናዎት። ወንድም ነው?»

«አንድ ወንድሜ።»

«አርባው መቼ ይውላል?»

«የካቲት ሃያ ስምንት። ያኔ ሁዳዴ ገብቷል፤ ሰርግ የለም።»

«እኛ ጾም አንቆጥርም፣ እትዬ። አርባ ግን እንቆጥራለን። ለቅሶዎን እናከብራለን፤ ሰርጉን እናቆየዋለን።» ንፍሮውን ጨርሶ እጁን አራገፈና ኬኔን አያት። «አታልቅሺ፣ እህቴ። ድምፅሽ ይሻክራል።»

ያን ጊዜ የኬኔ እጅ ነጠላዬን ሲጨብጥ ተሰማኝ። ያ ሁሉ ግትርነቷ እዚያው ላይ አለቀ። ድምፁን አውቃው ነበር፤ «እናንተ እለፉ» ያለው እሱ ነው።

ሎስ ለቃ የፈረሰው እንዲህ ነው። አልተጣሉም፣ ገበያም አላጡም። አንድ ባንድ፣ ሰው ሳያይ፣ እንደ ጎመን ዘር በተንኳቸው። ኤባን አባቱ መጥቶ ወሰደው፤ ያንን ሁሉ ጊዜ ያላናገረው አባት ኪቦርዱን ራሱ ተሸከመለት። ፌኔት ጅማ አክስቷ ጋ፣ ነብዩ አዲስ አበባ። ኬኔን የሞተው አጎቷ ቤት ላክኋት። ደርሳ ስትደውል ከኋላ የጫንያለው ሳቅ ይሰማኛል፤ እሷ ግን አትስቅም። «እማ፣ እየዘፈንሽ ነው ወይ በይኝ እስቲ» አለችኝ። ጠየቅኋት። «አልወጣም አለኝ» አለች።

እኔ ሱቄን ከፍቼ ቀረሁ። የት እሄዳለሁ? ሰዉ «በርቺ» እያለ ያልፋል። በበሬ ፊት አንድ ሞተር ሳይክል በቀን ሁለቴ ያልፍ ጀመር፤ አይቆምም፣ ዝግ ብቻ ይላል።

አርባው ሦስት ቀን ሲቀረው ድርቤ ቅቤ ልታቀብለኝ ባጥሩ እጇን ሰደደች። ቅቤውን አልተቀበልኩም። ጨርቁን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

ገለበጠችው። ቢጫውን ክር በጥፍሯ ነካችው። አጥሩን ይዛ ቆመች፤ አላለቀሰችም።

«መቼ ነው ያገኘሽው?»

«ድንኳኑ ሳይተከል።»

«ጫንያለው…»

«አልሞተም።»

«ይሄን ሁሉ ቀን አጠገቤ ተቀምጠሽ።»

«አዎ። ልጄን ላሸሽ ነበር። ቀድሜ ብነግርሽ ሰውዬውን ድንኳን ውስጥ ታንቂው ነበር።»

«ንፍሮ ሰጠሁት» አለች። «በዚህ እጄ።» እጇን አየችው። ከዚያ ጨርቁን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አነሳችብኝ። «ዝም በይ፣ ሸዌ። መቼ ነው የሚመጣው?»

«ሃያ ስምንት። ጠዋት።»

«ሰርግ ነው አይደል ያለሽ?»

«ሰርግ ነው ያለው።»

«እናት ያልተጠራችበት ሰርግ የለም። እሄዳለሁ።»

«ብቻሽን አትሄጂም» አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣው። ከአፌ የወጣን ቃል ደግሞ መልሼ አላውቅም።

በማግሥቱ አቶ አበጋዝ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ። መነጽራቸውን አወለቁ። «ሸዋጌጥ! ለቆመ ሰው ጥሩምባ አስነፋሽብን?»

«አዎ።»

«ከእድር ትወጫለሽ እኮ። ነገ ብትሞቺ ማን ይቀብርሻል?»

«ከነገ ወዲያ ነው የማየው» አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው ሸኙኝ።

በአርባው ጠዋት እኔና ድርቤ ሱቄ በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እሷ የደስታ ቀሚሷን ለብሳለች። እኔ መቀሴን፣ መርፌዬንና ከፈየራ ክር አንድ ጥቅል ይዣለሁ። ነጭ መኪና መጥቶ ቆመ። ሰውዬው ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ግራ ቀኝ አየ።

«ልጆቹስ?»

«የሉም። ሎስ ለቃ ፈርሷል» አልኩት።

«ቀርታችሁ አታውቁም ይባላል።»

«አልቀረንም፤ እኔ መጥቻለሁ። የሙሽሪት ቀሚስ ጫፉ ተቀዷል፤ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ መልሼ የምገጥመው እኔ ነኝ።»

«እሳቸውስ?»

«የሙሽሪት እናት ነኝ» አለች ድርቤ፤ ጨርቁን በቢጫው በኩል ገልብጣ ዘረጋችለት።

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታው ጠፋ። ጨርቁን አየ፣ እሷን አየ፣ ንፍሮ የተቀበለበትን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። እዚያው መንገድ ላይ የሚመታን መሰለኝ። ከዚያ የኋላውን በር ከፈተ።

«ግቡ።»

ድርቤ ቀደመች። ገብቼ በሩ ሲዘጋ ከውስጥ መክፈቻው እንደተነቀለ አየሁ። መኪናው ወደ ቆላው መንገድ ታጠፈ። ከከተማ ስንወጣ ሰውዬው ስልኩን ከመኪናው ቴፕ ጋር አገናኘና ዘፈን ከፈተ። የኬኔ ድምፅ ነበር፤ አምና መንገድ ዳር የተቀዳው። የኤባ ምት አለ፣ ንፋስ አለ። ከዘፈኑ ኋላ ደግሞ፣ ራቅ ብሎ፣ ከተዘጋው የሚኒባስ መስኮት ውስጥ፣ የሴቶች ለቅሶ አለ።

ድርቤ እጄን ያዘችኝ። ወደፊት ጎንበስ አለችና የሰውዬውን ትከሻ ነካ አደረገችው።

«ድምፁን ጨምርልኝ፣ ልጄ» አለችው።